ፊዚክሱን አጥፋልኝ

ስድስት ወር ዕቁብ ጥዬ፣ በሰባተኛው ወጣልኝ፤
ሌላው ለልጁ ጫማ ይገዛል፣ እኔን ግራፊክስ ካርድ አማረኝ።

ጌም ቤቴ የካ አባዶ ናት፣ ከታክሲ ማዞሪያው በታች፤
ሁለት ስክሪን፣ አንድ አግዳሚ፣ ሦስት ሰው ሲገባ የሞላች።
ከጀርባዋ ድንጋይ መፍጫ፣ ጥርሱን ሲያፋጭ የሚውል፤
ከፊቷ ያላለቀ ፎቅ፣ ላስቲክ መስኮቱን ለብሶ ነፋስ የሚያባብል።

መገናኛ ወረድሁ፣ ምድር ቤት፣ ነስረዲን ሱቅ ዘለቅሁ፤
ሁለት ካርድ አስቀመጠልኝ፤ እንደ በዓል በግ ወገባቸውን ዳበስሁ፣
ማራገቢያቸውን በጣቴ ሽክርክር አደረግሁ፣
የገባው ሰው መስዬ አንገቴን ነቀነቅሁ።

«ይሄ» አለኝ፣ «ሜሞሪው ሰፊ ነው፤ ዓመት ሁለት ዓመት ያቆይሃል።
ግን ተራ ነው። ያኛውን እየው! ፊዚክስ ይሠራል፤
ጭሱ ሰው ሲያልፍበት ይከፈላል፣ መጋረጃው ይቀደዳል፣
መስታወት ስትመታ
እያንዳንዷ ስባሪ የየራሷን መንገድ ታውቃለች።»
«ጨዋታውን ያሳምረዋል?»
«ጨዋታው ያው ነው» አለ፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣
«ዓይንህ ነው የሚጠግበው።»

የዋጋቸውን ልዩነት በልቤ ቆጠርሁ፤ ስታብላይዘር ይገዛል፣
ጆይስቲክ ይጨምራል፣ ከኪራዩም ላይ ይነካል።
ግን ዓይን ክፉ ነው። መታወቂያዬን አስይዤ፣
ለሦስት ቀን ሙከራ፣ ባለፊዚክሱን መጣሁ ይዤ።

ማክሰኞ መብራት ነበር። ልጆቹ ተግተልትለው ገቡ፤
ኢዮስያስ፣ ፍራኦል፣ ለሚ፣ አግዳሚው ላይ ተደራረቡ።
አንዱ ወታደር ግንቡን በጥይት ሲለው
ጡቡ ተፈነቀለ፣ አቧራው ስክሪኑን ሞላው።
«ኧረ እየው! ኧረ እየው!»
ከጎን ፀጉር ቤት ያለችው መንበረ እንኳ
ቢጎዲኗን በእጇ እንደያዘች መጥታ አየችው።

ለሚ ብቻ ዝም አለ።
ከወንዙ ማዶ ከመጡት ነው፤
አምና ክረምት ሊገባ ሲል
በየበሩ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ካደረበት መንደር።

«እንዲህ አይደለም» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።
«መጀመሪያ የሚጮኸው ቆርቆሮው ነው።
ግድግዳው ቶሎ አይወድቅም፤ ትንሽ ይቆያል፣
ስሙን የጠሩት ሰው ዞር እንደሚለው።
ጭቃው ከነጭዱ ነው የሚወርደው፣ አይበተንም።
አቧራው ደግሞ በአምስት ሰከንድ አይጠፋም፤
እናቴ እስከ መስከረም ከብርጭቆ ላይ ታጥበው ነበር።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይጠፋል እንዴ ይሄ ነገር?»

«ይጠፋል።»
«አጥፋልኝ።»

ማስተካከያው ውስጥ ገባሁ፣ አንዲት ምልክት አነሣሁ፤
ልጆቹ አጉረመረሙ፣ እንዳልሰማ ሆንሁ።
ለሚ ጆይስቲኩን ተቀበለ። ያንኑ ግንብ መታ፣
ካዝናው ባዶ እስኪሆን፣ ደግሞ ሞልቶ መታ።
ጡብ አልረገፈም። ስንጥቅ የለም። ግንቡ ቆመ፤
እንደ ሥዕል፣ እንደ ውሸት፣ ግን ቆመ።
ወታደሩን አስጠጋው፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ፣
ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አኖረና ዝም ብሎ ተቀመጠ፤
ጠላት ከየት እንደሚመጣ እንኳ አላየ፣
የዐሥር ብሩ ሰዓት እስኪያልቅ እዚያው ቆየ።

ዓርብ ካርዱን መለስሁ። ነስረዲን፣ «ምነው፣ አልሠራም?»
«ኧረ ሠርቷል» አልሁት። ሌላ ነገር አልጨመርሁም።
ተራውን ይዤ ወጣሁ፤ ስታብላይዘሩ ከብዶ፣ በሁለት እጄ፣
አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አስተኝቼ።

ማታ ነፋሱ ሲነሣ፣ ከፊት ያለው ፎቅ ላስቲኩን ያራግባል፤
እያንዳንዷ እጥፋት የየራሷን መንገድ ታውቃለች።
መብራት የለም። በሬ ላይ ቆሜ አያለሁ።
በነፃ ነው።